ለቴንች ምግብ አታብዙ

ቴንች የሚባለውን ዓሣ በተንሳፋፊ (ክሩ ላይ ታስሮ ዓሣው ምግቡን ሲነካ በሚያመለክት ነገር) ለማጥመድ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ብዙ በትን» የሚል ነው። እኔም የሰማሁት እሱን ነው፣ አምኜም ሠራሁበት። ያኔ አንድ ሰው ጠርቶኝ «ተው፣ ይህን አትስማ» ቢለኝ ኖሮ ምርጡ የቴንች ወቅት እንደዋዛ አያልፈኝም ነበር። የሚነግረኝ ስላላገኘሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ዓሣውን ለማታውቁት፦ ቴንች ረግቶ በሚተኛ፣ ጭቃና የውሃ ሣር በበዛበት ሐይቅ ግርጌ የሚኖር የአውሮፓ ዓሣ ነው። መልኩ ወደ ወይራ ፍሬ አረንጓዴነት ያደላል። ቅርፊቱ በጣም ጥቃቅን፣ ቆዳው በወፍራም ልጋግ የተሸፈነ ሲሆን ዓይኑ ትንሽና ቀይ ነው። በክረምቱ ብርድ ከጭቃው ብዙም አይነሳም። ውሃው ሲሞቅ ግን፣ በተለይ ከሜይ መጨረሻ ጀምሮ፣ ጎህ ሲቀድ መሬቱን እየቆፈረ ሲበላ ያረፍዳል።

ፈቃዱ ቀላል ነው። በእንግሊዝ አገር ከ13 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ የዘንግ ፈቃድ መያዝ ግዴታ ነው፤ በኢንተርኔት ወዲያው ይገኛል። የሐይቁ ባለቤት ፈቃድ ደግሞ ለብቻው ነው። ከማርች 15 እስከ ጁን 15 ያለው የእገዳ ጊዜ ወንዞችን ይመለከታል እንጂ አብዛኞቹን ሐይቆች አይነካም። ሆኖም በራሳቸው ውሳኔ የሚዘጉ ባለቤቶች ስላሉ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ዕቃውም ቢሆን ብዙ አያነጋግርም፦ ለስለስ ያለ ረጅም ዘንግ፣ ሁለት ተኩል ኪሎ አካባቢ የሚችል ክር፣ ቁጥር 12 መንጠቆ፣ ከጣዎስ ላባ ግንድ የተሠራ ተንሳፋፊ። ለክብደት ክሩ ላይ የሚቆነጠጡት ጠጠሮች ከእርሳስ የተሠሩ እንዳይሆኑ። የውሃ ወፎች እየዋጡ ስለሚመረዙ እንግሊዝ ከ1987 ጀምሮ አብዛኛውን መጠን ከልክላለች።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ።

እኔ በምሄድበት ሐይቅ መግቢያ ላይ የመመሪያ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ቴንች ፈላጊዎች የዳቦ ፍርፋሪና ዱቄት በውሃ አቡክተው፣ እፍኝ የሚሞሉ ድቡልቡሎች አድርገው፣ ዓሣው «እንዳይርቅ» ደጋግመው እንዲወረውሩ ይመክራል። ጠባቂውም በቃል ያንኑ አጸናልኝ። እንደተባልኩት በሌሊት ተነሥቼ አቦካሁ፣ ወረወርኩ፣ ተንሳፋፊዬን በመሃሉ ጥዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የመጡት ሮች እና ራድ የሚባሉት ትናንሽ ዓሣዎች ናቸው። ዱቄቱ ውሃው ውስጥ እንደ ደመና ሲበተን ከያሉበት ተጠራርተው መጡ። ተንሳፋፊው ለአፍታ እንኳ አይረጋም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይጎተታል። ስታነሡት መንጠቆው ባዶ ነው። ቀጥሎ ብሪም በመንጋ ደረሰ፤ ያም ጠፍጣፋ፣ ልጋጋም ዓሣ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ደግሞ ስጠብቀው የነበረውን ምልክት አየሁ። ከተንሳፋፊዬ አጠገብ አሁን የተከፈተ ለስላሳ መጠጥ ላይ እንደሚወጡት ያሉ ደቃቅ አረፋዎች ተሰብስበው ብቅ አሉ። ጠፉ፣ ከዚያ ክንድ ያህል ራቅ ብለው እንደገና ወጡ። ይህ የቴንች ምልክት ነው። ጭቃውን በአፉ እየቆፈረ ሲበላ ከውስጡ የታፈነው አየር ያመልጣል፣ ከዓሣው ስንጥብም ተከፋፍሎ ይወጣል።

እንግዲህ ቴንቹ መጥቷል፤ እዚያው ምግቤ ላይ ነው። ተንሳፋፊው ግን ንቅንቅ አላለም። ረፋዱ እስኪያልፍ አረፋው ዙሪያዬን ሲፈላ አንድም ዓሣ መንጠቆዬን አልነካም።

ጠባቂውን ሄጄ ጠየቅኩት። «አልበቃቸው ብሎ ነው፤ ጨምርላቸው» አለኝ። ጨመርኩ፤ ባሰበት። በሌላ ጊዜም ያው ሆነ። ነገሩን ቆይቼ ሳስበው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደቃቁ ዱቄት ወርዶ ከጭቃው ጋር ይደባለቃል። ቴንቹ ጭቃውን እየማገ ዱቄቱን በስንጥቡ ያጣራል፣ ሆዱም ይሞላል። ከዚያ ሁሉ መሃል መንጠቆ ላይ ያለችውን አንዲት የበቆሎ ፍሬ የሚመርጥበት ምን ምክንያት አለው? የተረፈው ደግሞ ግርጌው ላይ ይበሰብሳል። በሞቃት ውሃ ውስጥ የሚበሰብስ ነገር የዓሣውን ኦክስጅን ይሻማል። ምክሩ የማይጠቅም ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ፤ ውሃውንም ይጎዳል። ይህን ለጠባቂው በትህትና አስረዳሁት። «ሁሌም የሚሠራው እንዲህ ነው» ብሎ አለፈኝ። ሰሌዳው ዛሬም እዚያው ተሰቅሏል፣ እኔም ባለፍኩ ቁጥር እናደዳለሁ። ከሰው ገንዘብ የሚቀበል ሐይቅ በራሱ ውሃ ላይ ያልተፈተነ ምክር መለጠፍ የለበትም።

መፍትሔውን ያገኘሁት አረፋውን በማየት ነው። አረፋው የሚጀምረው እኔ ከምወረውርበት ቦታ ሳይሆን ሰፋፊ ቅጠል ያለው የውሃ አበባ ከሚያልቅበት ጠርዝ ነበር። ዓሣው የራሱ መንገድ አለው፤ ምግቡን መንገዱ ላይ ማስቀመጥ እንጂ እሱን ከመንገዱ መጎተት አያስፈልግም። ስለዚህ ዱቄቱን ፈጽሞ ተውኩት። በዋዜማው ምሽት አንድ እፍኝ የቆርቆሮ በቆሎና አንድ እፍኝ ተቀቅሎ የፈነዳ የሄምፕ ፍሬ ከቅጠሉ ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርጌ እበትናለሁ። ጠዋት ስደርስ ምንም አልጨምርም። የምጨምረው አንድ ዓሣ ከያዝኩ በኋላ ነው፤ እሱም ቁንጥር ብቻ። ሐይቁ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ የአትክልት መቧጠጫ ራስ በገመድ አስሮ ግርጌውን መጎተት ከማንኛውም ምግብ ይበልጣል። ሣሩን ያጸዳል፤ ከጭቃው የሚነሡት ጥቃቅን ነፍሳት ራሳቸው ቴንቹን ይጠሩታል። ውሃው ስለደፈረሰ አትስጉ፣ ቴንች ድፍርስ ውሃ አይፈራም።

አረፋው በዝቶ ዓሣው በቆሎውን እምቢ ካለ መንጠቆውን ወደ ቀይ የምድር ትል ለውጡ። ያን ሰዓት ቴንቹ ጭቃ ውስጥ የሚርመሰመስ ነገር እየፈለገ ነውና።

ተንሳፋፊውን ስለማሰር የምለው አንድ ነገር አለ። ብዙ መጽሔት ጠጠሮቹን ክሩ ላይ በትኖ ምግቡን መሬት አስነክቶ ማንጠልጠል ይመክራል። እኔ ለቴንች አልስማማበትም። መጀመሪያ መንጠቆው ላይ ክብደት አንጠልጥላችሁ ጥልቀቱን ለኩ። ተንሳፋፊውን ከታችኛው ጫፉ ብቻ እሰሩ፣ ከጥልቀቱም ትንሽ አስረዝሙት። ተንሳፋፊውን ማስመጥ የሚችል አንድ ከበድ ያለ ጠጠር ከመንጠቆው ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆንጥጡ። ወርውሩ፣ ዘንጉን መደገፊያው ላይ አስቀምጡ፣ የተንሳፋፊው ጫፍ ብቻ እስኪቀር ክሩን ቀስ ብላችሁ አጠንጥኑ።

ቴንች የሚበላው አናቱን ዘቅዝቆ ነው። ምግቡን አንሥቶ ቀና ሲል ጠጠሩንም አብሮ ያነሣዋል። ያን ጊዜ ተንሳፋፊው በመስመጥ ፈንታ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይረዝማል፣ ከዚያ ውሃው ላይ ጋደም ይላል። እስኪጋደም አትጠብቁ፤ መውጣት ሲጀምር ዘንጉን አንሡ። መስመጥን ለለመደ ዓይን መጀመሪያ ግር ይላል፤ ሲለመድ ግን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምልክት የለም። በዚህ አሠራር የመጀመሪያውን ትልቅ ቴንች ያወጣሁበትን ጠዋት አሁንም በኩራት አስታውሰዋለሁ።

ዓሣው እንደተያዘ በቀጥታ ወደ ውሃ አበባው ሥር ይሮጣል። ዘንጉን ወደ ጎን አጋድማችሁ ከቅጠሉ አርቁት፤ ከዚያ በኋላ አትቸኩሉ። እጃችሁንና ዓሣው የሚያርፍበትን ምንጣፍ አርጥባችሁ ያዙት፤ ደረቅ እጅ ልጋጉን ይገፈዋል፣ ልጋጉም ከበሽታ መከላከያው ነው። የሆድ ክንፎቹን እዩ፤ ሰፊና እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያሉ ከሆኑ ወንድ ነው። ብዙ ሐይቆች የሚጠይቁት መንጠቆ እሾህ የሌለው ስለሆነ በጣት ይወጣል። ዓሣውን ውሃው ውስጥ በሁለት እጅ ደግፋችሁ ያዙት፣ ራሱ ሲገፋ ልቀቁት። ቀጣዩን ቁንጥር በቆሎ የምትጨምሩት ከዚያ በኋላ ነው።