የወረደ ሰነድ ከመክፈታችሁ በፊት የስሙን ጫፍ እዩ

በዲሴምበር 2013 (እ.ኤ.አ.) ለኢሳት ሠራተኞች በስካይፕ የተላከ አንድ ፋይል ሲታይ ተራ ፒዲኤፍ ይመስል ነበር። የካናዳው የዲጂታል ደኅንነት ምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ በ2014 ባወጣው ዘገባ ግን የስለላ ፕሮግራም መሆኑን አጋለጠ።

ይህ ማታለያ ዛሬም ይሠራል። ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ኤክስቴንሽኖች (የፋይሉን ዓይነት የሚናገሩትን የስም ጫፎች) ስለሚደብቅ «ውል ዶት ፒዲኤፍ ዶት ኢኤክስኢ» የሚለው የአፕሊኬሽን ፋይል ስም «ውል ዶት ፒዲኤፍ» ብቻ ሆኖ ይታያል። አይከኑንም ላኪው እንዳሻው ይመርጠዋል። በዊንዶውስ 11 ፋይል ኤክስፕሎረርን ክፈቱና ቪው፣ ከዚያ ሾው፣ ከዚያ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን አብሩ። ኤልኤንኬ የተባለው የሾርትከት (የአቋራጭ ፋይል) ጫፍ ግን ይህም በርቶ አይታይም፤ ስለዚህ ታይፕ የሚለውን ዓምድ ተመልከቱ። «ሰነድ» ተብሎ የተላከላችሁ ፋይል ሾርትከት ወይም አፕሊኬሽን ከሆነ ሳትከፍቱ አጥፉት።

የዎርድ ፋይል ሲሆን ዶክኤክስ ማክሮ (ሰነድ ውስጥ ተቀምጦ ትእዛዝ የሚፈጽም ትንሽ ፕሮግራም) አይዝም፤ ዶክኤም ይይዛል። የድሮው ዶክም ሊይዝ ይችላል፣ ስሙ ግን ይህን አይነግራችሁም። ማይክሮሶፍት ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት የመጣን ማክሮ ያግዳል፤ የሚለየውም ፋይሉ ሲወርድ በሚደረግበት ምልክት ነው። አጥቂዎች ይህን ስለሚያውቁ «ሰነዱን ለማየት ፕሮፐርቲስ ገብተው አንብሎክ ይበሉ» ብለው ይጽፋሉ። እንዲህ የሚል ሰነድ ካያችሁ ወዲያውኑ ዝጉት! ለማንበብ ብቻ ማክሮ በፍጹም አያስፈልግም።

ዶክኤክስ ስለሆነ ብቻም አትመኑ። በ2022 የተገኘው ፎሊና የተባለው ቀዳዳ ያለ ምንም ማክሮ፣ ከኢንተርኔት በሚጠራ ቴምፕሌት (የሰነድ ቅርጽ ፋይል) በኩል አጥቂን ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባ ነበር። ማንበብ ብቻ ከፈለጋችሁ ፕሮቴክትድ ቪው በተባለው የዎርድ የጥበቃ ማንበቢያ ላይ እንዳለ አንብቡት፤ ኢኔብል ኤዲቲንግን አትንኩ። ዊንዶውስንና ኦፊስንም አድሱ።

የይለፍ ቃል ያለው ዚፕ መጥቶ ቃሉ እዚያው ኢሜይል ላይ ከተጻፈ ዋናው ዓላማ የኢሜይሉ ቫይረስ መፈተሻ ውስጡን እንዳያይ ማድረግ ሊሆን ስለሚችል ተጠራጠሩ።

ፋይልን በብዙ ጸረ ቫይረሶች የሚመረምረው ድረ ገጽ ቫይረስቶታል ጥሩ መሣሪያ ነው። ሆኖም የጫናችሁትን ፋይል ሌሎች የደኅንነት ባለሙያዎች ማውረድ ይችላሉ፤ ፓስፖርት፣ የሕክምና ማስረጃ ወይም ውል አትጫኑበት። በምትኩ ፓወርሼል በተባለው የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት የጌት-ፋይልሃሽ ትእዛዝ የሚያወጣውን ባለ 64 ሆሄ ሃሽ (የፋይሉን የጣት አሻራ ያህል መለያ) ገልብጣችሁ የቫይረስቶታል መፈለጊያ ላይ ለጥፉ። ምንም አልተገኘም ቢላችሁ ከዚህ በፊት ማንም አላስመረመረውም ማለት ነው እንጂ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚያወርደው የታወቀ ቅጽ ሆኖ ሃሹ ካልተገኘ ደግሞ ቅጹን ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ እንደገና አውርዱ። ከምታውቁት ሰው የመጣ ከሆነ በዚያው ኢሜይል መልስ አትጠይቁ፤ አካውንቱ ተጠልፎ ከሆነ የሚመልስላችሁ ጠላፊው ነውና ስልክ ደውሉ።