የተቆጠረው ፕላስተር

ዛሬ ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት፣ የግቢውን በር ቀለም ልቀባ ተነሳሁ። በአሮጌው ላይ ልደርብ ስል ታናሽ ወንድሜ ብሩሹን ከእጄ ወሰደው። «መጀመሪያ ይላጣል» አለኝ። አዲስ አበባ አውሮፕላን ቀቢ ነው።

እየፋቅን አወራኝ። የአንድ ትልቅ አውሮፕላን ቀለም ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ይመዝናል። በላይ በላዩ ከተደረበ ክብደቱ ነዳጅ ይበላል። ደግሞም ዝገትና ስንጥቅ ደህና አድርጎ የሚታየው አሮጌው ሲነሳ ነው። አሉሚኒየሙ እንዳይጫር በብረት አይነካም። ኬሚካል ይቀባል፣ ቀለሙ ያብጣል፣ ከዚያ በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሳል።

የቁልፉን ቀዳዳ፣ መጥሪያውን፣ ማጠፊያዎቹን በፕላስተር ሸፈነ። የለጠፈውን ሁሉ ቆጥሮ መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈ፤ 9።

ለምን ብዬ ጠየቅኩት። በ1996 እ.ኤ.አ. ፔሩ ውስጥ አንድ አውሮፕላን ሲታጠብ የአየር ግፊት መለኪያ ቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ሳይነሳ ቀረ። አብራሪዎቹ በሌሊት፣ ባሕር ላይ፣ ትክክለኛ ከፍታቸውንም ፍጥነታቸውንም ማወቅ አቃታቸው። 70 ሰው አለቀ።

ስንት ጊዜ ከባሕር ዳር በርሬያለሁ። አብራሪውን አመስግኜ እወርዳለሁ። ፕላስተር የሚቆጥረው ሰው ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ወንድሜ ሆኖ ሳለ እንኳ!

ማታ ፕላስተሩን አንድ በአንድ እያነሳ ቆጠረ። 8። እናታችን «ኑ፣ እራት ቀረበ» ብላ ተጣራች። እሱ ግን የስልኩን መብራት አብርቶ፣ ዘጠነኛውን ከታችኛው ማጠፊያ ሥር እስኪያገኝ አልገባም።