ፍርሃቱ ሳይለቀኝ መሳል እንዴት ጀመርኩ

ጅማ ውስጥ ስለ እንጨት ሥራ አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ይቸግራል። በርጩማውም ሆነ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰገነት ከልጅነት ጀምሮ የሚታወቅ ስለሆነ፣ እነዚህን ልሳል ብሎ የሚነሣ ሰው ተመልካቹ ከእርሱ ይበልጥ እንደሚያውቅ አስቀድሞ ይገባዋል። ለዓመታት የሳልኳቸውን ሁሉ ከልብስ ሣጥን ሥር የደበቅኩት በዚህ ምክንያት ነው። የዕለት እንጀራዬ የሒሳብ ሥራ ነው፤ የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ስለዚህም እስክሪቢቶ ባነሣሁ ቁጥር «ማን ሰዓሊ አደረገሽ?» የሚል ድምፅ ይቀድመኛል።

ስለዚህ ስሜት ሳነብ፣ ፖሊን ክላንስና ሱዛን ኢምስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በሥራቸው የተመሰከረላቸው ሴቶች እንኳ ስኬታቸውን የዕድል ውጤት አድርገው እንደሚቆጥሩና አንድ ቀን ችሎታ ቢስነታችን ይጋለጣል ብለው እንደሚሰጉ መግለጻቸውን ተረዳሁ። ብቻዬን አለመሆኔ አጽናንቶኛል፤ መጽናናቱ ግን አንድ መስመር እንኳ አላሰመረልኝም። ይበልጥ የጠቀመኝ፣ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ የሆነው የአእምሮ ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ በ1950ዎቹ ለፍርሃት ሕክምና ያዋለው ዘዴ ነው፤ ይኸውም የሚያስፈራውን ነገር ከቀላሉ እስከ ከባዱ በደረጃ መደርደርና፣ ሰውነትን እያፍታቱ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ መላመድ ነው። እኔ ያለ ሐኪም ስለሞከርኩት የወሰድኩት መደርደሩን ብቻ ነው።

ከሁሉ በታች ያደረግኩት ጀበናን ቤት ቁጭ ብሎ መሳል ነበር፤ ቀጥሎ በካፌ መስኮት በኩል መንገዱን፣ ቀጥሎ የሕርማታን የሐሙስ ገበያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጅሬኑን ቤተ መንግሥት። የመጨረሻውን እዚያ ያስቀመጥኩት አሠራሩ ስለሚከብድ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር መኖሪያ በመሆኑ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ወረቀቴን ከእውነተኛው ቤት ጋር ያስተያያል ብዬ ስለፈራሁ ነው።

ጀበናውን በእስክሪቢቶ ሳልኩት፤ ላጲስ በእጅ ካለ ጥርጣሬ በየመስመሩ ይግባኝ ይላልና። ዐይኔን ከጀበናው ሳልነቅል፣ ወረቀቱንም ሳላይ ዙሪያውን በእጄ እከተለው ነበር። የሚወጣው ሥዕል አንገቱ ከሆዱ የተለያየ ነገር ነው፤ ሆኖም ከመነሻው እንዲያምር ስላልታሰበ የሚፈርድበት የለም፣ ዐይን ግን በዚያው ማየትን ይለምዳል። የካፌውን ደረጃ ብዙም ሳልቸገር አለፍኩት።

ገበያው ሌላ ነገር ነው። ደብተሬ በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ መሆኑ ረድቶኛል፤ ብዙ ሰው የዱቤ መዝገብ መስሎት ያልፋል። ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ስስል ግን አንድ ጠና ያሉ ጠራቢ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ደብተሩን ተቀብለው ዘወር ዘወር አደረጉትና «ልጄ፣ ሰው ቢቀመጥበት ይወድቃል» አሉኝ።

«የቱ ጋ ነው፣ አባባ?»

«ይቺ እግር መሬት አልረገጠችም።»

ከዚያም ከአንድ የዋንዛ ግንድ የጠረቡትን በርጩማ ገልብጠው፣ እግሮቹ ከመቀመጫው ሥር ወደ ውጭ ዘንበል ብለው እንዴት እንደሚወጡ በጣታቸው እየተከተሉ አሳዩኝ፤ ሦስት እግር ያለው በርጩማ ወለሉ ጎርባጣ ቢሆንም እንደማይንገዳገድ ነገሩኝ። ሰዓሊ ስለ መሆኔ ወይም ስላለመሆኔ አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬ ሲመጣ እኔም «የቱ ጋ ነው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። «ጥላው ብርሃኑ ከሚመጣበት አቅጣጫ ጋር አይገጥምም» ካለኝ ሰምቼ አስተካክላለሁ፤ «አንቺ አትችዪም» ብሎ ቦታውን ማሳየት ካቃተው ሥራዬን እቀጥላለሁ። ሲደክመኝ ሁለቱ ይደበላለቁብኛል፤ እንዲህ ባለው ቀን ፍርዱን አሳድረዋለሁ እንጂ ወረቀት አልቀድም።

ለሰው ሳሳይም የምጠይቀውን ለውጫለሁ። «ቆንጆ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ወዳጅን ያስዋሻል፤ «መጀመሪያ ዐይንህ ያረፈው የት ላይ ነው?» ሲባል ግን ስለ ሥዕል ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ የሚጠቅም ነገር ይናገራል። (በእርግጥ ምርቃት ብቻ ፈልጌ የማሳይበት ጊዜም አለ፤ ያን ጊዜ እናቴ ትበቃኛለች።)

ወደ ጅሬን የወጣሁት በበጋ፣ ዝናቡ ወረቀት ከማበላሸት ሲያርፍ ነው። ሆዴ እየተንቦጫቦጨ ተቀምጬ ስጀምር ሕፃናት ከበቡኝ፤ ከመካከላቸው አንዱ የሰገነቱን ምሰሶዎች ከወረቀቱ ጋር እያመሳከረ ቆጥሮ «እትዬ፣ አንድ ጎድሏል» አለኝ። ብቆጥር ልክ ነበር። ለጎደለው ምሰሶ ቦታ ስላልተረፈ ገጹን ገልጬ እንደገና ጀመርኩ፤ ልጁም ከጎኔ ተቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥርልኝ ጀመር።