ጩጬ ከአማቴ ጋር ያደረ ለታ

ጩጬ ብለን ስም ስናወጣለት የሙዝ ካርቶን ውስጥ ይተኛ ነበር። የባለቤቴ ወንድም አዲስ አበባ የሚሠራበት ቤት ፈረንጆች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ቡችላውን ተሸክሞ ደብረ ብርሃን ድረስ አመጣልን። «ትንሽዬ ናት፣ ፍርፋሪ ይበቃታል» አለና ቡናውን ጠጥቶ ተመለሰ። እሷ የተባለችው እሱ ሆኖ ተገኘ፤ ትንሽዬ የተባለው ዛሬ ሰባ ኪሎ አልፏል። ደጅ ቆሜ «ጩጬ! ና ግባ!» ብዬ ስጣራ፣ የሚያልፉ ሰዎች አንድ ሚጢጢ ልጅ ይመጣል ብለው ፈገግ እንዳሉ ይቆማሉ። ጩጬ ብቅ ሲል መንገድ ይቀይራሉ። አንድ የሰፈር ልጅ ግን ደፈር ብሎ ቀረበና «ጋሼ፣ ይጋለባል?» ሲል ጠየቀኝ።

ዘሩ ሴንት በርናርድ ነው። የአባቶቹ አገር ስዊዘርላንድ ነው፤ 2,469 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ የተራራ በር መነኮሳት በረዶ የዋጠውን መንገደኛ ይፈልጉባቸው ነበር። የእኛ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነች ጩጬ ተሰደደ አይባልም፣ ሽቅብ ወጣ እንጂ። ታኅሣሥ ላይ እኛ ብርድ ልብስ ደራርበን ጥርሳችን ሲንገጫገጭ እሱ ውርጩ ላይ ተዘርሮ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። ከዘመዶቹ አንዱ፣ ከ1800 እስከ 1814 የኖረው ባሪ የሚባለው፣ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች አድኗል ይባልለታል፤ ገላው ዛሬም በርን ከተማ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። የእኛው ደግሞ የጎረቤት ድመት ሳህኑ ላይ ከተቀመጠች እስክትነሳለት ቆሞ ይጠብቃል።

አረቄ የምታወጣው ጎረቤታችን አንገቱ ላይ በርሜል ያንጠለጠለ የዚህ ዘር ውሻ ሥዕል ስልክ ላይ አይታ «እንዲህ ከሆነማ ለእኔ ስጡኝ፣ ለደንበኛ ያደርስልኝ» ብላን ነበር። በርሜሉ አንድ እንግሊዛዊ ሠዓሊ በ1820 የሳለው ፈጠራ ነው፣ እውነት አይደለም ብላት አልሰማችኝም። አሁንም ባየችው ቁጥር አንገቱን በዓይኗ ትለካለች።

ስለ ምግቡ ብዙ አላወራም፣ ያመኛል። ቡችላ ሳለ የእንስሳት ሐኪሙ «እንዳታወፍሩት፣ ክብደቱ መገጣጠሚያውን ይጎዳዋል» አለን። ሲያድግ ደግሞ «ባንድ ጊዜ አታጥግቡት፣ በልቶም አይሩጥ፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ ሊጠማዘዝና ሊገድለው ይችላል» አለን። ስለዚህ የገብስ ቅንጬውን ከፋፍለን እንሰጠዋለን፤ አጥንት ከሉካንዳ እለምናለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ሉካንዳዎቹ ይዘጋሉ፣ ጩጬም 55ቱን ቀን ሳይወድ በግድ ይጾማል።

ከምግቡ የሚብሰው ለሃጩ ነው። ራሱን አንዴ ካራገፈ ኮርኒስ ይደርሳል። የሠርጋችን ፎቶ ላይ አንድ የደረቀ ክር አለ፣ ከእኔ አፍንጫ ተነስቶ ሚዜው ክራቫት ላይ ያልቃል። ባለቤቴን አልነካትም። ሌላው አመሉ መደገፍ ነው። ሰው ሲወድ መጥቶ ጎኑን ያስጠጋና ክብደቱን በሙሉ ይለቅበታል። የወደደው ሰው ወይ ግድግዳ ይይዛል፣ ወይ ይቀመጣል።

እንግዲህ አማቴ ከመሐል ሜዳ የመጡት በዚያው በታኅሣሥ ነው። ቅቤ፣ በሶና በመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ አዲስ ባና ይዘውልን መጡ። ጩጬን ከሩቅ አይተው አማተቡ። «ውሻ ባለበት ቤት መልአክ አይገባም» አሉ፤ ከዚያ እሳቸው እስኪመለሱ ጩጬ ማድ ቤት እንዲያድር ተወሰነ። የወሰኑት እሳቸው ናቸው፤ እኛ «እሺ እትዬ» ነው ያልነው።

ለእትዬ ሳሎን ፍራሽ አነጠፍንላቸው። መብራትም በጊዜ ጠፋ። የማድ ቤቱ መቀርቀሪያ በምስማር የተመታ ነው፤ የሳሎኑ በር ደግሞ ክረምት እርጥበት አሳብጦት እስካሁን በቅጡ አይገጥምም። ጩጬ በር አይቧጭርም፣ አይጮህም። ብርዱ ግድም አይሰጠው፣ ብቻውን ማደር ግን አይችልም። ሌሊት ላይ ሄዶ የማድ ቤቱን በር ተደገፈው። ቀጥሎ የሳሎኑን ተደገፈው።

የቀረውን የሰማሁት ከራሳቸው ነው። ሌሊት እግራቸውን በረዳቸውና በእጃቸው ሲዳብሱ ወፍራም ፀጉር አገኙ። «ባናዬ ሾልኮ ኖሯል» አሉና ሳቡት። እንቢ አላቸው። እሱ ካልመጣ እኔ ልሂድ ብለው ተጠጉት። ሙቀቱ ልዩ ሆነባቸው፤ «የዘንድሮ በግ ፀጉሩ እንዴት ጥሩ ነው» እያሉ ለጥ አሉ። ሊነጋጋ ሲል እንደ ልማዳቸው ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ሲደግሙ አጠገባቸው አንድ ነገር «እህህህ» ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ። ትንሿ ልጄ መጥታ የተኛች መስሏቸው «ምነው እናቴ፣ ሆድሽን ነው?» ብለው ፊቷን ሊዳብሱ እጃቸውን ሰደዱ። ጣታቸው እርጥብ፣ ቀዝቃዛና ጭብጥ የሚያህል ነገር ላይ አረፈ።

«ኧረ ድረሱልኝ! ባናው አፍንጫ አወጣ!»

የስልኬን ባትሪ አብርቼ ስወጣ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ጩጬ ጩኸት ይፈራል። ሲፈራ ደግሞ አጠገቡ ያለ ሰው ጉያ ይገባል፣ አጠገቡ ያሉት ደግሞ እትዬ ናቸው። እሳቸው «ሚካኤል!» ባሉ ቁጥር እሱ ጭንቅላቱን ብብታቸው ውስጥ ይቀብራል፤ በቀበረ ቁጥር እሳቸው ይብስባቸዋል። «እትዬ፣ ዝም ይበሉ፣ ዝም ካሉ ይሄዳል!» እላለሁ። ዝም የሚል የለም። የአንገት ማሰሪያውን ይዤ ስጎትት ፍራሹ ከነጩጬ፣ ከነእትዬ እየተንሸራተተ በሩ ድረስ መጣ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ «እማዬን ልቀቅ!» ትለኛለች። የያዝኩት እኮ ውሻውን ነው!

በዚህ መሃል ጎረቤቶች «ሌባ! ሌባ!» እያሉ ዱላ ይዘው ገቡ። ጩጬ ይሄን ሲያይ ጠረጴዛ ሥር ሊደበቅ ሞከረ። ገባ፣ ጠረጴዛውም አብሮት ተነሣ። በባትሪ ብርሃን ጠረጴዛ በአራት እግሩ ሳሎኑን ሲዞር ሲያዩ ዱላ የያዙት ሁሉ ወደ ደጅ ፈረጠጡ። ሲኒዎቹን አትጠይቁኝ።

ጠዋት እትዬ ጠበል ሄደው ተጠመቁ፣ ነጠላቸው ታጠበ፣ ሁለት ጊዜ። ለእኔ «ይሁን» ብቻ አሉኝ። ይህች ቃል ከአማት አፍ ስትወጣ ምን ማለት እንደሆነች ያገባ ያውቃል። በሳምንቱ መሐል ሜዳ ሸኘናቸው።

ወሬው ግን ቀድሟቸው ደርሶ ኖሯል። መጀመሪያ የባለቤቴ አክስት ደውለው «እትዬ ከጅብ ጋር አደሩ የተባለው እውነት ነው?» አሉ። ማግስቱን ሌላ ዘመድ ደወለ፤ በዚህኛው ላይ እትዬ ጅቡን አንገቱን ይዘው እስኪነጋ ታግለውታል። ባለፈው እሑድ ደግሞ መንዝ በግ የሚያረባው የባለቤቴ አጎት ደወሉ።

«ስማ አንተ ልጅ፣ ያ ሰው የሚያስጮኸውን ውሻህን ለአንድ ክረምት አውሰኝ። ቀበሮ ግልገል ጨረሰብኝ።»

በመስኮት አየሁ። ድመቷ ሳህኑ ላይ ተጋድማለች፣ ጩጬ ፊቷ ቁጭ ብሎ ለሃጩን እያዝረበረበ ፈቃድ ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ አሁን እንኳን አይመቸውም» አልኳቸው፤ «ጥበቃ ላይ ነው።»