የጁን ዝናብና የመኸሩ አደን

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ፤ ዛሬም አላባራም። ጁን አጋማሽ ላይ ነን። ወርዶ የሚያልፍ ዶፍ ቢሆን ይህን ያህል አያሳስበኝም ነበር። ይሄ ግን ቀዝቃዛ፣ ማቋረጫ የሌለው ካፊያ ነው። እኔ ቤት ቁጭ ብያለሁ፤ ልቤ ያለው ሣሩ ውስጥ ነው፣ ሰሞኑን ከእንቁላል የወጡት የፌዛንት ጫጩቶች ጋ።

ፌዛንት የቆቅ ዘመድ ነው። ትውልዱ እስያ ነው፤ እዚህ አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት የገባው በሰው እጅ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሴዳር ፎልስ ውስጥ የአንድ አርቢ አጥር በኃይለኛ ነፋስ ፈርሶ፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ ወፎች አመለጡ ይባላል። የዱሩ ዘር አንዱ መነሻም ያ ነው። ከጅምሩም ዕጣቸው ከአየሩ ጋር የተሳሰረ ነው ማለት ነው።

ወፍ ሲጠፋ ብዙ አዳኝ ቶሎ የሚያማው ቀበሮና ጭልፊትን ነው፤ ካልሆነም ሌላውን አዳኝ። እኔ በዚህ አልስማማም። እዚህ የሚፈቀደው ወንዱን ብቻ መምታት ነው፤ እሱም በቀን 3። አንድ ወንድ ለብዙ ሴቶች ስለሚበቃ፣ በጥይት የሚጎድለው የመጪውን ዓመት ዘር ብዙም አይነካም። ወሳኞቹ ሣሩና ሰማዩ ናቸው።

የአዮዋ የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ለዓመታት የሚሠሩበት ስሌት አለ። በብርዱ ወራት የሚወርደው በረዶ ከ31 ኢንች ካነሰ፣ የኤፕሪልና የሜይ ዝናብም ከ8 ኢንች በታች ከሆነ፣ ወፉ ይበዛል ተብሎ ይጠበቃል። ሁለቱም ከዚያ ካለፉ ይቀንሳል። ከ2007 እስከ 2011 ድረስ በረዶና ዝናባማ ጸደይ እየተከታተሉ መጥተው፣ የወፉ ቁጥር ታይቶ የማይታወቅ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። የአዳኙም ቁጥር አብሮ ወረደ።

እኔን ከሜይ ይልቅ የሚያስፈራኝ የጁን ዝናብ ነው። ሴቷ የምትጥለው መሬት ላይ፣ ሣር መሐል ነው፤ 10 ወይም 12 እንቁላል አካባቢ። ወደ 23 ቀን ትታቀፋለች። በዚህ መሐል ጎርፍ ቢወስድባት ተስፋ አትቆርጥም። ሌላ ቦታ ፈልጋ እንደገና ትጥላለች፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ያንሳል እንጂ። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ካለቁባት ነገሩ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያ ዓመት ለእሷ አበቃ።

አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት አውራ ጣት የምታህል ነገር ናት። ለስላሳ ላባዋ ደረቅ ሲሆን ያሞቃታል። ሲረጥብ ገላዋ ላይ ልጥፍ ይላል፤ ያኔ ሙቀቷ እያየነው ያልቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት የራሷን ሙቀት በደንብ መጠበቅ አትችልም። እናቲቱ ክንፏ ሥር ትሰበስባቸዋለች። እዚያ እስካሉ ድረስ ደግሞ አይበሉም። ምግባቸው ነፍሳት ነው፤ ጥንዚዛ፣ አባጨጓሬ፣ ትንንሽ ፌንጣ። እነሱም በብርድ ዝናብ ተሸሽገው አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ ጫጩቷ ወጥታ ብትፈልግ ትበርዳለች፣ ተሸጉጣ ብትቆይ ትራባለች። ሞቅ ባለ ቀን ዶፉ ግማሽ ሰዓት ወርዶ ፀሐይ ብትወጣ፣ ላባው ደርቆ ወደ መብላቷ ትመለሳለች። ሁለት ሦስት ቀን የቆየ ካፊያ ነው የሚጨርሳቸው።

ያም ሆኖ ዝናብን ጠላት ነው ብዬ መጻፍ አልችልም። በድርቅ ዓመት ሣሩ ይቀጭጫል፣ ነፍሳቱም ይሳሳሉ። ለዱር እንስሳት ተብሎ የተተወው ሣር ሳይቀር ለከብት መኖ ይታጨዳል። ዘንድሮ የጠገበ መሬት ለሚመጣው ጸደይ ጥሩ መሸሸጊያ ይዞ ይጠብቃል።

መሬታቸው ላይ እንዳድን የሚፈቅዱልኝ ሽማግሌ ጋ ደውዬ ነበር። ለከብት መኖ የሚዘሩት አልፋልፋ ለመታጨድ ደርሷል፤ መሬቱ ግን ጭቃ ስለሆነ ትራክተር ማስገባት አልቻሉም። ተበሳጭተዋል። ይገባኛል፤ ድርቆሹ መተዳደሪያቸው ነው። ለወፏ ግን ይሄ መዘግየት ትልቅ ነገር ነው። አልፋልፋ ውስጥ መታቀፍ ትወዳለች፤ ማጨጃው ሲመጣም ከእንቁላሏ አትነሣም። ስለቱ እዚያው ያገኛታል። አንድ ሳምንት ቢዘገይ ስንት እናት ይተርፋል! ይኸው አንዱ ዝናብ እዚህ ጫጩት ይጨርሳል፣ እዚያ ማዶ እናት ያድናል። በመንገድ ዳር ያለውን ሣር እንኳ ሕጉ ራሱ እስከ ጁላይ 15 እንዳይታጨድ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ እሱን ልለምናቸው አላስፈለገኝም። ቦዩ ዳር ያለችውን ቁራሽ ሣር ግን እስከ ኦገስት ይተዉልኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። “እናያለን” አሉኝ። እሳቸው “እናያለን” ካሉ ብዙ ጊዜ እሺ ነው።

ትክክለኛው መልስ የሚታወቀው ኦገስት ላይ ነው። ባለሙያዎቹ ጎህ ሲቀድ 30 ማይል የሚረዝም የጠጠር መንገድ በቀስታ እየነዱ ይቆጥራሉ። የሚመርጡት ጤዛ የበዛበትን ማለዳ ነው። ሣሩ ሲረጥብ እናቶቹ ጫጩቶቻቸውን ይዘው ለመድረቅ ወደ መንገዱ ይወጣሉ። ጤዛ ከሌለ ወፉ ቢኖርም አይታይም። እኔም በዚያ ሰሞን በማለዳ እየነዳሁ የማየት ልማድ አለኝ። ከእናት ኋላ የተሰለፉ ጫጩቶች ሳይ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ።

ይሄ ካፊያ የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች ካበላሸ፣ በኋላ የተፈለፈሉት ኦክቶበር መጨረሻ ላይ አደን ሲከፈት ገና ልጆች ይሆናሉ። እንዲህ ያለው ወንድ ጭራው አጭር ነው። ነጩ የአንገት ቀለበቱ አልወጣም፤ ደረቱ ላይ ብቻ ቀይ ላባ ጣል ጣል ብሎበታል። ከሩቅ ሴት ይመስላል። ፀሐይ ከኋላው ከሆነች ደግሞ ጨርሶ አይለይም። ከተነሣም በኋላ ቢሆን፣ ቀለሙን በደንብ ካላየሁ ጠመንጃዬን አላነሣም።