የአቴ ካርቶን

ትላንት የአቴ አርባ ነበር። ስሟን አልጽፍም፣ ስራ ቦታም ቢሆን በስሟ የሚጠራት ብዙ ሰው አልነበረም። አቴ ማለት በፊሊፒኖዎች ታላቅ እህት ማለት ነው፣ ቁርጥ የኛ እትዬ። በፈረንጅ 2008 አሜሪካ ሜሪላንድ አንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ናይት ሺፍት ስጀምር በዲቪ ከመጣሁ 7 ወሬ ነው፣ የሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሰርተፊኬቴ ገና ትኩስ ነው፣ እንግሊዝኛዬ ስብርብር ያለ። የፎቁ ነርስ እሷ ነበረች። እናቴን የምታህል ሴት በስሟ ለመጥራት አፌ እምቢ ሲለኝ አየችና «አቴ በይኝ፣ ይቀልሻል» አለችኝ። 15 ዓመት ሙሉ እንደዛው አልኳት።

መጀመሪያ ያስተማረችኝ የሬሳ ነገር ነው። ከገባሁ ሳምንት ሳይሞላኝ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ አንድ ሽማግሌ አረፉ። እኔ ሬሳ ነክቼ አላውቅም፣ ሀገር ቤት ግንዘት የትልልቅ ሰዎች ነገር ነው፣ በር ላይ ቆሜ እንባዬ ይወርዳል። አቴ ጓንቷን አጠለቀችና ቀጥ ብላ የሄደችው ወደ ጥርሳቸው ነው፣ ኩባያ ውስጥ የነበረውን ሰው ሰራሽ ጥርስ አጥባ ቶሎ አፋቸው ውስጥ መለሰችው። «መንጋጋው ሳይደርቅ ነው፣ ከቆየ አይገባም፣ ልጆቻቸው ሲመጡ አፋቸው ገብቶ እንዳያዩዋቸው» አለችኝ። ከዛ ለብ ያለ ውሃ አስመጣችኝ። ለሞተ ሰው ለብ ያለ ውሃ! ፊታቸውን ስታጥብ «አሁን ወደ ግራ ላዞርዎት ነው» እያለች ልክ እንደሚሰማ ሰው ታናግራቸዋለች፣ ጸጉራቸውን አበጠረች፣ ትራሱን ከፍ አደረገች፣ እኔ ፎጣ አቀብላለሁ። ሴት ልጃቸው ስትደርስ «የተኛ ነው'ኮ የሚመስለው» ብላ ግንባራቸውን ሳመች። እስከ ዛሬ ሰው ባረፈ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው ጥርሱን ነው።

አንዴ ብሬክ ላይ እሷ ሩዝና የተጠበሰ አሳዋን እኔ ሽሮዬን ይዘን (ሁለታችንም ሽታው አስቸገረን ተብሎብናል) ለምንድነው ፊሊፒኖ ሁሉ ነርስ የሆነው ብዬ ጠየቅኳት። ከአያቷ ዘመን ጀመረች። አሜሪካ ፊሊፒንስን ከስፔን የወሰደችው በ1898 ነው፣ ከዛ በራሷ አይነት በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የነርስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፣ ከ1948 ጀምሮ ደግሞ ነርሶቹ በልውውጥ ፕሮግራም መጥተው 2 ዓመት ያህል ሰርተው ይመለሱ ነበር፣ አክስቷም በዛ ነው የመጣችው፣ የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ህግ ሲወጣ ግን መቅረት ተቻለ። የፊሊፒንሱ ፕሬዝዳንት ማርቆስ በ1972 ማርሻል ሎው (ወታደራዊ አገዛዝ) ካወጀ በኋላ ደግሞ መንግስት ራሱ ሰውን ውጭ ልኮ ዶላር ማስገባትን ስራዬ ብሎ ያዘው። «ነርስነትን እኔ አይደለሁም የመረጥኩት፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ነው የመረጠልኝ» አለችኝ። 5 ታናናሾች ነበሯት፣ አምስቱንም አስተምራለች።

ፊሊፒንስ ካለችው ከተማዋ ከኢሎኢሎ የመጣችው በ1984 ነው፣ የ2 ዓመት ልጇን ለእናቷ ትታ። ስልክ ውድ ስለነበር በካሴት ድምፅ እየቀዱ ነበር የሚላላኩት፣ የኛም ሰዎች ያኔ እንደዛ ያደርጉ ነበር፣ የአጎቴን ካሴት እናቴ እስካሁን በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። በአንዱ ካሴት ላይ ልጅቷ ቁጥር ስትቆጥር ከኋላዋ ዶሮ ይጮሃል፣ እና አቴ ስታጫውተኝ ልጅቷን ትታ ስለ ዶሮው ነው የምታወራው፣ «የጎረቤት እንዳይመስልሽ፣ የኛ ዶሮ ነው፣ ድምፁን አውቀዋለሁ» እያለች። ልጇን ያመጣቻት 9 ዓመት ሲሞላት ነው። ስለነዛ 7 ዓመታት ከዶሮው ሌላ ነገር አውርታኝ አታውቅም።

ኮቪድ ሲመጣ 62 ዓመቷ ነበር፣ ልጇ ስራ ተዪ ብላ ለምናታለች። አልተወችም። አንዷን ማስክ በወረቀት ከረጢት እያስቀመጥን ለቀናት የተጠቀምንበት ጊዜ ነው። በ2020 መስከረም ላይ አንድ የነርሶች ማህበር ያወጣውን ሪፖርት ስልኬ ላይ አየሁት፣ ፊሊፒኖዎች ከአሜሪካ ነርሶች 4 በመቶ ገደማ ሲሆኑ በኮቪድ ከሞቱት ነርሶች ግን አንድ ሶስተኛ የሚጠጉት እነሱ ናቸው ይላል። እኔ ይሄን እድል ነው ብዬ አላልፈውም፣ አልጋው ጎን የሚቆመው ማነው፣ ደብል ሺፍት የሚገባውስ ማነው፣ ሁላችን እናውቃለን። አሳየኋት። ቀስ ብላ አነበበችና ስልኬን መለሰችልኝ፣ «ነይ የ12 ቁጥሩን ሰውዬ እናገላብጥ፣ ሰዓታቸው ደርሷል» አለችኝ።

በ2023 ጡረታ ወጣች። ኢሎኢሎ ያሰራችው ቤት አለ፣ ገብታ ልትኖርበት ነበር፣ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ስትሮክ ቀደማት።

ለቅሶው ላይ ብዙ ነገር ገረመኝ። ለዘጠኝ ሌሊት በተከታታይ ይጸልያሉ፣ ብር በፖስታ ይሰጣጣሉ፣ አርባም አላቸው፣ እኔ አርባ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ትላንት ጸሎቱ አልቆ ፓንሲት (የነሱ ኑድል) ምናምን ከተበላ በኋላ ልጇ እኔን ወደ መኝታ ቤት ጠራችኝ። ካርቶኑ ጥግ ላይ እንዳለ ነው። ባሊክባያን ቦክስ ይሉታል፣ ወደ ሀገሩ የሚመለስ ሰው ካርቶን እንደማለት፣ እሷ በሄደች በመጣች ቁጥር የሆነ ነገር ጣል ታደርግበት ነበር፣ ሳሙና፣ ኮልጌት፣ የቆርቆሮ ስጋ፣ ፎጣ፣ የልጆች ጫማ። እኛ መንገደኛ ስናገኝ በኪሎ ተጨንቀን ነው የምንልከው፣ የነሱ ግን በመርከብ ስለሚሄድ የሚከፈለው በካርቶን ነው፣ ክፍት ቦታ መተው ለአቴ ኃጢአት ነበር። አሁን ግን ግማሹ ባዶ ነው። እያንዳንዱ እቃ ላይ ፕላስተር ለጥፋ የሚደርሰውን ሰው ስም በማርከር ጽፋለች።

ልጇና እኔ ሱቅ ሄደን የጎደለውን ገዝተን መጣን። እኔ ከቤት ያመጣሁትን የተቆላ ቡና ፎጣዎቹ መሀል ወተፍኩት። ከሞላ በኋላ ክዳኑ አልገጥም አለ፣ ልጇ «እማዬ ትቀመጥበት ነበር» አለችኝ። ተቀመጥኩበት። እሷ በርከክ ብላ ስኮቹን ሶስት ዙር አዞረችው፣ አድራሻውን ጻፈች። ቅዳሜ መጥተው ይወስዱታል።