ስድስት የተሰረዙ ግራፎች

ላቦራቶሪ ከገባሁ ገና ሦስተኛው ወር ነበር። ሥራዬ ሲያወሩት ቀላል ነው። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደውን የጥንቸል ደም ቧንቧ እንደ ቀለበት እቆርጣለሁ። በ37 ዲግሪ የሞቀ የጨው ውህድ ውስጥ አንጠለጥለዋለሁ። ከሥር ኦክስጅን ይንተከተክለታል። ከዚያ አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶችን በተከታታይ እሰጠዋለሁ። ምቱ የሚቀሰቅሰው ጡንቻውን ሳይሆን በቧንቧው ግድግዳ ላይ ያሉትን የነርቭ ጫፎች ነው። ጫፎቹ ኖርአድሬናሊን የሚባለውን መልእክት አድራሽ ኬሚካል ይለቃሉ፣ ቧንቧው ይኮማተራል፣ ስክሪኑ ላይ መኮማተሩን የሚያሳየው መስመር ሽቅብ ይወጣል። (እውነቱን ለመናገር ግማሹ ቀን የሚያልቀው የተጠማዘዘ ክር ሲፈታ ነው።)

የዚያ ሳምንት ተራዬ ዮሂምቢን የሚባል መድኃኒት ነበር። ዮሂምቢን አልፋ ሪሴፕተርን፣ ማለትም ኖርአድሬናሊን ሴሉ ላይ የሚያርፍበትን ተቀባይ፣ ይዘጋል። ቧንቧውን የሚያኮማትረውም አልፋ ሪሴፕተር ነው። ስለዚህ ሪሴፕተሩ ሲዘጋ መስመሩ መውረድ አለበት። ሙከራውን ሳልጀምር ሪፖርቱን በሐሳቤ ጨርሼዋለሁ።

ትንሽ ዮሂምቢን ጠብ አደረግኩበት። መስመሩ ወረደ? ኧረ ምን ወርዶ! ጭራሽ ከበፊቱ ከፍ አለ።

ጠርሙሱ ተቀያይሯል አልኩ። ደፋሁትና አዲስ በጠበጥኩ። ያው ሆነ። ቀለበቱን ቀየርኩ። አሁንም ያው። በሁለት ቀን ውስጥ ስድስት ቀለበት ጨረስኩ፤ ስድስቱም ሽቅብ! በላቦራቶሪ ደብተሬ ላይ ሁሉንም ሰረዝኩና «የተበላሸ» ብዬ ጻፍኩባቸው። ለማንም አልተናገርኩም። አዲስ ሰው ነኝ፣ መድኃኒት መበጥበጥ እንኳ አይችልም እንዳይሉኝ ፈራሁ።

ያጋለጠኝ የመድኃኒት መዝገቡ ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው ቴክኒሻን መዝገቡን ይዘው መጡ።

«ዮሂምቢኑን ትጠጣዋለህ እንዴ?»

ደብተሬን አሳየኋቸው፤ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? የሰረዝኳቸውን ስድስቱንም አንድ በአንድ አዩ። አልተቆጡም። እንዲያውም ፈገግ አሉ፤ ያ ደግሞ ከቁጣው የባሰ ነው።

«ምቱን ትተህ ኖርአድሬናሊኑን በእጅህ ጨምረህበት አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው እየው።»

ኤሌክትሪኩን አጥፍተን ኖርአድሬናሊኑን በቀጥታ ጨመርንበት። ቧንቧው ተኮማተረ። ያንኑ ትንሽ ዮሂምቢን ስንጨምርና ስንደግመው ግን ምንም ከፍ ያለ ነገር የለም። ጡንቻው አልተለወጠም ማለት ነው። ቀጥለው ቴትሮዶቶክሲን አስጨመሩኝ፤ የነርቭን ምልክት ዝም የሚያሰኘው የዓሣ መርዝ ነው። ኤሌክትሪኩን ስናበራው መስመሩ ንቅንቅ አላለም፤ ዮሂምቢኑ እያለም ቢሆን። ያ ሁሉ ጭማሪ የመጣው ከነርቩ ጫፍ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ስሌቴ የፈረሰው። እኔ ሪሴፕተር ሲባል የሚታየኝ ጡንቻው ላይ ያለው ብቻ ነበር። እሱ አልፋ አንድ ነው፤ ኖርአድሬናሊን ሲነካው በጡንቻው ሴል ውስጥ ካልሲየም ይጨምርና ቧንቧው ይጠብቃል። ነርቩ ጫፍ ላይ ደግሞ አልፋ ሁለት አለ። ነርቩ ራሱ የለቀቀው ኖርአድሬናሊን ተመልሶ እሱን ይነካዋል። ያኔ ወደ ጫፉ የሚገባው ካልሲየም ይቀንሳል፤ ለሚቀጥለው ምት የሚለቀቀውም ያንሳል። ነርቩ የራሱን ድምፅ እየሰማ ራሱን ይቆጣጠራል ማለት ነው። ዮሂምቢን በትንሽ መጠን ሲሆን ቀድሞ የሚይዘው አልፋ ሁለትን ነው። ልጓሙ ይፈታል፣ ኖርአድሬናሊን ይጎርፋል፣ ያልተዘጋው አልፋ አንድ ደግሞ ጎርፉን ሁሉ ይቀበላል። ለመጀመሪያው ምት ግን ይህ ልጓም አይሠራም፤ ተመልሶ የሚነካው ገና አልወጣምና። ለዚህ ነው ተከታታይ ምት የሚያስፈልገው።

በቀላሉ እጅ አልሰጠሁም። የቧንቧው የውስጥ ሽፋንም አልፋ ሁለት አለው፤ ሲቀሰቀስ ናይትሪክ ኦክሳይድ አውጥቶ ቧንቧውን ያላላል። «ዮሂምቢን የዘጋው እሱን ቢሆንስ?» አልኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

«ሽፋኑን ጠዋት አንተው ፈግፍገህ አላነሳኸውም?»

ከሰዓት በኋላ መጠኑን ደረጃ በደረጃ ከፍ አደረግነው። መጀመሪያ ሽቅብ፣ ከዚያ ቁልቁል። ሲበዛ ዮሂምቢን አልፋ አንድንም ይይዛል። በሌላ ቀለበት አልፋ አንድን መርጦ የሚዘጋውን ፕራዞሲን ሞከርን፤ እሱ ገና ከጅምሩ ቁልቁል ወሰደው። መጀመሪያ የጠበቅኩትን መስመር ያገኘሁት በፕራዞሲን ነው።

ትንሽ ያጽናናኝ የታሪኩ ርዝመት ነው። ብራውን እና ጊሌስፒ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1957 በድመት ጣፊያ ላይ ሲሠሩ፣ አልፋ የሚዘጋ መድኃኒት ሲሰጡ የሚወጣው ኖርአድሬናሊን በዝቶ አገኙት። እነሱ ግን የተለቀቀው ትርፍ መጠን የጡንቻው ሪሴፕተር ስላልያዘው ነው የተረፈው ብለው ነበር የተረጎሙት። ላንገር የተባለው ተመራማሪ የነርቩን አልፋ ሁለት፣ የጡንቻውን አልፋ አንድ እንበል ያለው በ1974 ነው። ያም አከፋፈል ሙሉ አልነበረም፤ አልፋ ሁለት በአንዳንድ ቧንቧዎች ጡንቻ ላይም ተገኝቶ ያኮማትራል። አልፋ ሁለትን የሚቀሰቅሰው የደም ግፊት መድኃኒት ክሎኒዲን በደም ሥር ፈጥኖ ሲሰጥ የደም ግፊት ከመውረዱ በፊት ለአፍታ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። እኔ በሁለት ቀን «የተበላሸ» ያልኩትን ሌሎች ለዓመታት ተጨንቀውበታል።

ጋሼ ደብተሩን መለሱልኝና «የተበላሸ» ከሚለው ቃል አጠገብ ቀንና ፊርማዬን እንዳስቀምጥ አደረጉኝ። ስሕተቱም የእኔ ስለሆነ ይቆይ አሉ። ከዚያ ፋይሎቹን ጠየቁኝ። አራቱን ከኮምፒውተሩ አወጣሁላቸው። ሁለቱን የተበላሹ ናቸው ብዬ አጥፍቻቸው ነበር።